ከሜዳው ማዶ ምን አልሽኝ?

ጥቅምት 7

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብዎት ሳልስ? «ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ መዋሸት አልፈለግሁም። ብዙ ነገር ጎድሎኛል።

የምኖረው ከስፖርት ትምህርት ቤቱ የሩጫ ሜዳ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ፣ ከላይኛው ፎቅ ነው። ሁለት አልጋ፣ ሁለት ቁም ሳጥን፣ አንድ መስኮት። ክፍል የምጋራት ልጅ ጦር ወርዋሪ ናት፤ ትከሻዋ በር ያህላል። እኔ የእሷን ቋንቋ አላውቅ፣ እሷ የእኔን አታውቅ፤ የዚህን አገር ቋንቋ ደግሞ ሁለታችንም እየሰባበርነው ነው። ብስኩት ስትበላ ግማሹን ትሰጠኛለች፤ ወሬያችን እሱ ነው። አሠልጣኛችንን «ፊሽካው» ብዬዋለሁ። ሲቆጣም በፊሽካ፣ ሲያመሰግንም በፊሽካ ነው፤ እስካሁን አፉን ባዶውን አላየሁትም።

ጋሼ፣ እርስዎ ጆሮዎን ፋብሪካ ጥለው ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓለም ምን እንደሚመስልዎት አሁን ገባኝ። ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ይስቃል፤ እኔ አፍ አፋቸውን እያየሁ እበላለሁ። እርስዎስ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሃል ከባልደረቦችዎ ጋር ስትነጋገሩ ከንፈር ማንበብ ተምረዋል። እኔ የማላውቀውን ቋንቋ ከከንፈር ባነብስ ምን አተርፋለሁ?

ስልክ ለእርስዎ አይሆን፤ በፀጉር አስተካካያችን ስልክ ጽፌ ብልክ ደግሞ እርስዎ ጋ ከመድረሱ በፊት ሰፈሩ አንብቦ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ወሬያችን በደብዳቤ ይሁን። ውድድር ሲኖር ግን ጦር ወርዋሪዋ ትቀርጸኛለች፣ ቪዲዮውን ለፀጉር አስተካካዩ እልክለታለሁ። እንደ ድሮው ከሜዳው ማዶ ሆኜ በከንፈሬ የምነግርዎት ነገር አይጠፋም።

ባለፈው ልምምድ ላይ እንቅፋት መታኝና ጉልበቴ ትንሽ ተላጠ። ምንም አይደል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ድንገት እወድቅ ነበር? እንዲያው ነው የምጠይቀው።

ልጅዎ ፌንጣ


ኅዳር 3

ለፌንጣዬ፤

ፈጣሪ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከባይተዋርነት ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለግድግዳው አነበብኩት፤ ከሁለታችን ግድግዳው የተሻለ ይሰማል።

ልጅ ሳለሽ ትወድቂ ነበር ወይ ላልሽኝ፣ እንዴታ! ከዛፍ ወድቀሻል፣ ከአጥር ወድቀሻል፣ የሰው ብስክሌት ሰርቀሽ ከሱም ወድቀሻል። እናትሽ ነፍሷን ይማርና ፌንጣ ያለችሽ በከንቱ አልነበረም። ቆመሽ ሳለ እንዲሁ ስትወድቂ ግን አላየሁሽም። ለምን ጠየቅሽኝ? ደግሞስ በላክሽልኝ ፎቶ ያየሁት ያ ሜዳ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ነው፤ እንቅፋቱ ከየት ተገኘ?

ቤቱ ያው ነው። በልማድ ሁለት ብርጭቆ አወጣለሁ፣ አንዱን እመልሳለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ለሰፈሩም ባዳ ሆኗል። ሰው ሲያወራኝ ፊቱን ወደኔ ማዞር ይረሳል፤ ዞር በል ማለትም ይሰለቻል። ሳላስታውስሽ ፊትሽን የምታዞሪልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ወደ ማምሻው ላይ የድሮ ትምህርት ቤትሽ አጥር ጋ ሄጄ እቆማለሁ። ከሥራ ስወጣ እዚያ ቆሜ ስጠብቅሽ፣ ከሜዳው ማዶ ሆነሽ በከንፈርሽ «ራበኝ» ትዪኝ የለ? አፍሽ ይከፈታል፣ ከንፈርሽ አንዴ ገጠም ይላል፣ ከዚያ ጥርስሽ ይታያል። አንቺ ሜዳውን እስክታቋርጪ እኔ ዳቦ ቤት ደርሼ እመለስ ነበር። አሁን ሌሎች ልጆች ይሮጡበታል፤ የራበው ካለ ለኔ አይነግረኝም። ዳቦ ሻጯ «አንድ ነው ሁለት?» ትለኛለች። አንድ እላለሁ።

ቪዲዮውን እየጠበቅሁ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ለሯጭ የማይነገር ምክር መሆኑን ባውቅም ነገርኩሽ።

ጋሼሽ


ኅዳር 28

ለፌንጣዬ፤

እንኳን ለዚህ አበቃሽ፤ ላንቺ የሰጠውን ጉልበት ለኔ ዕድሜ አድርጎ ይጨምርልኝ። መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

ትናንት ፀጉር አስተካካዩ በሱቁ በር ነጩን ፎጣ ሲያውለበልብልኝ አየሁ። እጅ ሰጠህ እንዴ ብዬው እየሳቅሁ ተሻገርኩ። ለካ ቪዲዮሽ መጥቷል! ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠለት ሰውዬ ሳይቀር ተነስቶ ከበበን። ስትሮጪ አየሁሽ። እኔ ያሳደግኩት እግር እንደዚያ መሬት ሳይነካ ሲሄድ አይቼ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቅሽም።

መጨረሻው ዙር ላይ ከሁሉ ቀድመሽ እየመራሽ ሳለ ቀዘቀዝሽ። ፊትሽን ወደኛ አዞርሽ፤ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ጀመር። ከዚያ ከመስመርሽ ወጣሽና ሣሩ ላይ ወደቅሽ፤ ቪዲዮውም እዚያው ተቋረጠ። ሰዉ «ደክሟት ነው፣ ያላትን ሁሉ ሰጥታ ነው» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሮ ምን አለችህ አለኝ።

እኔ አላነበብኩትም፣ ልጄ። ያ ሁሉ ሰው አፌን እያየ አላነበብኩም ማለት አቃተኝና «ጋሼ እንኳን ደስ አለዎት ብላኛለች» አልኩ። አጨበጨቡ። እኔ ግን እፍረቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ማሽን ሲጮህ፣ የጥጥ ብናኝ ዓይን ሲጋርድ ከንፈር ያነበብኩ ሰው የገዛ ልጄን ከንፈር አጣሁት። ዓይኔም እንደ ጆሮዬ ሊከዳኝ ነው መሰለኝ። ጆሮ ቢሄድ ዓይን አለ ብዬ ነበር፤ ዓይን ከሄደ ምን ይቀረኛል?

እስኪ ምን እንዳልሽኝ ጻፊልኝ። ከሚሰጡሽ የኪስ ገንዘብ የምታተርፊው ካለም ለመነጽር ላኪልኝ። ልጠይቅሽ አልፈልግም ነበር።

ወድቀሽ የተጎዳሽው ነገር አለ?

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 26

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። የዘገየሁት ልምምድ በዝቶብኝ ነው። ለመነጽሩ የሚሆን ልኬልዎታለሁ፤ ጥሩውን ይግዙ። ያልኩዎት «ራበኝ» ነው። ፀሐይ ስለነበረ ይሆናል ያልታየዎት። አልተጎዳሁም፤ ደክሞኝ ነው።

እዚህ ብርዱ ጠንክሯል። ሌላ ወሬ የለም።

ፌንጣ


ጥር 19

ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ምሕረቱ አይለይሽ።

መነጽሩን ገዛሁ። ባለመነጽሩ ሰውዬ በየተራ ፊደል አሳየኝ፤ የቅርቡን ፊደል ብቻ ነው ትንሽ የሚያስቸግርህ፣ ለሩቁ ግን ዓይንህ የጎረምሳ ነው አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ቢሆንም አድርጌው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። ደንበኛ እስኪወጣለት ጠበቅሁና ያንን ቪዲዮ አሳየኝ አልኩት። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ሰውዬው ደግ ነው፤ ምንም አልጠየቀኝም፤ መጥረጊያውን አንስቶ የተጠረገ ወለል ይጠርግ ነበር።

ልጄ፣ ዓይኔ ደህና ነው። «ራበኝ» አላልሽም። የምታላምጪው ሳይኖር እንደ ማላመጥ አፍሽ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኔ ያላነበብኩት የሚነበብ ስላልነበረ ነው። አፍሽን ትቼ ዓይንሽን አየሁት። ወደኔ ነው የሚያየው፤ ግን እኔን አያይም፣ ካሜራውንም አያይም። ፊትሽ አለ፤ አንቺ የለሽም።

እንቅፋቱን አመንኩሽ፣ ድካሙንም አመንኩሽ። አሁን ግን በግልጽ እጠይቅሽ። ያን ጊዜ የት ሄደሽ ነበር? ስንት ጊዜስ እንዲህ ትሄጃለሽ?

ጋሼሽ


የካቲት 14

ለልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? መልስ አላገኘሁም። ፖስተኛው በደጃፌ ሲያልፍ አንገቱን ይነቀንቅልኛል፤ የለም ማለቱ ነው። ወጥቼ እንዳልጠይቀው ብሎ ነው፤ እሱም እንዳቅሙ ያዝንልኛል።

የተቆጣሁ መስሎሽ ከሆነ አልተቆጣሁም። የፈራ ሰው ጽሑፍ የቁጣ ይመስላል። የፈለግሽውን ጻፊልኝ፤ ዋሽተሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

ጋሼሽ


የካቲት 28

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎን እየለመንኩ፣ ይቅርታዎንም እየለመንኩ ነው የምጀምረው።

እኔም አላውቅም የት እንደምሄድ። መጀመሪያ፣ ደረጃ ላይ እግር ሲስት እንደሚሆነው ሆዴ ወደ ላይ ይነሳል። ከዚያ ድምፅ ሁሉ ይርቃል። ከዚያ የለሁም። ስመለስ መሬት ላይ ነኝ፤ ሰዎች ከላዬ ቆመው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዳንዴ ምላሴ ተነክሷል፣ ክንዴ ይዝላል። አንድ ጊዜ ሰውነቴ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ እንደነበረ ጦር ወርዋሪዋ በእጇ አሳየችኝ። ስራመድ አይመጣም። ቀስ ብዬ ስሮጥም አይመጣም። ፊሽካው ለመጨረሻ ጊዜ ሲነፋና ያለኝን ሁሉ ስሰጥ ነው የሚመጣው። ከሁሉ የምወደው ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ለፊሽካው ቁርስ ስላልበላሁ ነው እያልኩ አለፍኩ። ካሁን በኋላ ሁለት ሙዝ እንድበላ አዘዘኝ። ሙዙንም እበላለሁ፣ እወድቃለሁም።

ያን ቪዲዮ ሳላየው የላከችው ጦር ወርዋሪዋ ናት፤ እያወራሁ እንደነበረ ከእርስዎ ደብዳቤ ነው ያወቅሁት። «ምን አልሽኝ?» የሚለውን ሳነብ «ራበኝ» ብዬ ጻፍኩልዎት፤ ምንም እንዳላልኩዎት ግን አውቃለሁ። የባሰው ደግሞ ዓይንዎ ደህና መሆኑ እየገባኝ የመነጽር ገንዘብ መላኬ ነው። የኔን በሽታ በእርስዎ ዓይን አላከክሁ። ገንዘብ ላበደረኝ ሰው ወንበር ነስቼ ራሴ እንደ መቀመጥ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደብዳቤ እየጀመርኩ ስቀድ ከረምኩ።

ከሜዳው ጀርባ የውሃ ቦይ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ዳር ዳሩን እንሮጣለን። በቀደም ፊሽካው እዚያ አፈጠነንና መጣብኝ። ለማሟሟቅ አብራን የምትሮጠው ጦር ወርዋሪዋ በሹራቤ ይዛ አስቀረችኝ። ክፍላችን ስንገባ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ በዚህ አገር ቋንቋ «ንገሪ» አለችኝ። ሳትሰባብር ስትናገር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ እሱ ነው።

ብናገር ግን ሩጫ ይቀራል። ሩጫ ከቀረ እዚህ ምን አለኝ? ቋንቋ የለኝ፣ ሰው የለኝ። ወደ ቤት ብመለስስ ምን ተብዬ ልመለስ? ያ በፎጣ እየተጠራ ያየኝ ሰፈር «የምትወድቀዋ» ሊለኝ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር። አልቻልኩም፤ ለእርስዎ ነገርኩ። ለእነ ፊሽካውስ ልናገር?

ልጅዎ


መጋቢት 21

ልጄ፤

ፈጣሪ ከቦዩ ዳር የያዘችሽን እጅ ይባርክ። ስሟን ብትነግሪኝም አልይዘውም፤ ግን በጸሎቴ «ትከሻዋ በር የሚያህለው» ብዬ አስቤያታለሁ፤ አትጠፋውም።

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ፤ መልሱም ዛሬውኑ ይወጣል። መነጽሩን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ጋዜጣ አነብበታለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይህን ሁሉም ይለዋል፤ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ሽመና ክፍል በየረድፉ ከማሽኖቹ በላይ የተዘረጋ ቀይ ገመድ ነበር። አንድ ነገር የተበላሸ የመሰለው ሰው፣ አዲስ ተቀጣሪም ቢሆን፣ ገመዱን ይስባል፤ ረድፉ በሙሉ ይቆማል። አለቃ አይጠየቅም። በኋላ ምንም ሳይኖር ቢገኝ እንኳ ገመድ የሳበ አይቀጣም፤ ደንባችን እሱ ነበር። የሚቀጣው አይቶ ያልሳበ ነው። የዕለቱ ሥራ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደጎደለበት አላስታውስም። ገመድ ስለተሳበላቸው እጃቸው የተረፈ ሰዎች ግን ዛሬም መንገድ ላይ በዚያው እጃቸው ይጨብጡኛል።

ጦር ወርዋሪዋ አንዴ ስባልሻለች። ሁልጊዜ ከኋላሽ አትሆንም። አሁን አንቺ ሳቢው። ፊሽካውም ይወቅ፣ ሐኪምም ይይሽ። እስከዚያ ወደዚያ ውሃ ዳር አትድረሺ።

ስለ ሰፈሩ አታስቢ፤ ሰፈሩን ለኔ ተዪው። የፈለጉትን ይበሉ፤ እኔ እንደሆነ አልሰማ። ሩጫሽን እወደዋለሁ። ግን እኔ አጥር ጋ የቆምኩት ሩጫሽን ለማየት መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። እስክትጨርሺ ነበር የምጠብቀው።

ጋሼሽ


ግንቦት 11

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ገመዱን ሳብኩት።

ደብዳቤዎን በኪሴ ይዤ ፊሽካው ቢሮ ገባሁ። ቃል እንዳይጠፋኝ ጦር ወርዋሪዋን ይዣት ገባሁ፤ ሁለታችንም ቃል ጠፋን። መጨረሻ ላይ እሷ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንቀጥቅጣ አሳየችው። ፊሽካው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ጥርሱ መሃል ትንሽ ክፍተት አለችው ለካ። ያኔውኑ ጫማዬን አስፈታኝ።

ሆስፒታል ወሰዱኝ። ራሴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው በመሮጫ ማሽን ላይ አስሮጡኝ፤ እንዳልወድቅ በማንገቻ ይዘውኛል፤ ነርሷም ከጎኔ አልተለየችም። ብዙ አስሮጡኝ። መጣ። ሐኪሟ በኋላ ወረቀቱ ላይ አሳየችኝ፤ እንደ ረጋ ውሃ የሚሄደው መስመር ድንገት ይታመሳል። የሚጥል በሽታ ነው አለችኝ። ብዙ ታማሚ ስፖርት ሲሠራ ይሻለዋል እንጂ አይብስበትም፤ እንዳንቺ በሩጫ የሚቀሰቀሰው በጥቂት ሰው ላይ ነው አለች። ጥፋትሽ አይደለም፣ የሙዝም ጉዳይ አይደለም አለችኝ። ጠዋትና ማታ የምውጠው ኪኒን ሰጠችኝ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።

ዘንድሮ ውድድር የለም። ከዚያ በኋላስ ስላት ቃል አልገባችልኝም። መድኃኒቱ ከያዘልሽ እናያለን አለች። ትምህርቴን እስክጨርስ ግን እዚሁ እንድቆይ ፈቅደውልኛል።

ጋሼ፣ ሁሉም ለውድድር ሄዱ። ሕንፃው ባዶ ነው። ምግብ አዳራሽ ብቻዬን ስቀመጥ ሹካዬ ሳህኑን ሲነካው ያስተጋባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚንቀሳቀስ አፍ ሳጣ ያንን የማይገባኝን ወሬ ናፈቅሁት። በመስኮት ሜዳውን አያለሁ፤ ያለቀስኩባቸው ቀኖች አሉ። እርስዎ ያን ቤት እንዴት እንደቻሉት ደብዳቤዎን መልሼ እያነበብኩ አስባለሁ።

ከሐኪሟ ጋር የተስማማነው ሰው አጠገቤ ካለ እንድራመድ ነው። ጦር ወርዋሪዋ ስትመለስ እንሞክራለን። ቪዲዮ ይደርስዎታል። ሩጫ የለበትም፤ እንዳያዝኑብኝ።

ልጅዎ ፌንጣ


ሰኔ 17

ለፌንጣዬ፤

ኪኒኑን መድኃኒት ያድርግልሽ፤ ቀኑንም ያሳጥርልሽ።

ዛሬ ፎጣው ተውለበለበ። ስሻገር ሱቁ ሞልቷል። ልጅቷ አሟታል ብዬ ለሁሉም ነግሬያቸው ነበር፤ የበሽታውንም ስም ሳልሸፋፍን ተናገርኩት። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ለኔ ሰጥቶ ሌሎቹን ትንሽ ራቅ አደረጋቸው።

ስትራመጂ አየሁሽ። ያቺ በር የሚያህል ትከሻ ያላት ልጅ ከጎንሽ አለች፤ ካሜራውን ማን እንደያዘው አላውቅም። ሯጭ ሲራመድ ያስቃል፤ እግርሽ ምን በደልኩ የሚል ይመስላል። ሜዳውን ዞራችሁ ማዶ ስትደርሱ ቆምሽ። ፊትሽን አዞርሽ። ዓይንሽ እኔን አየ፤ ያለ መነጽር ነው ያየሁት። አፍሽ ተከፈተ፣ ከንፈርሽ አንዴ ገጠም አለ፣ ከዚያ ጥርስሽ ታየ።

ሰዉ ምን አለች አለኝ። ያለፈውን ውሸቴን አስታውሼ «ራበኝ ነው ያለችው» አልኳቸው። የሳቁ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ፊታቸውን አላየሁም፤ ወጥቼ ነበር።

እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። ዳቦ ሻጯ «አንድ ነው ሁለት?» አለችኝ፤ ሁለት አልኩ። ሞቅ ያለ ነበር፤ እንዳይበርድ ኮቴ ውስጥ ሸሽጌ ፈጠን ፈጠን ብዬ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ ነው የት አገር እንዳለሽ ትዝ ያለኝ።

ቁጭ ብዬ አንዱን በላሁ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ዛሬ አልመለስኩትም።

ጋሼሽ